«ጾምሽ አያድንሽም» ያልሻት እናትሽ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከአራት ኪሎ ነው። ጸሐፊዋ የ27 ዓመት ወጣት ናት፤ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ረጅም ስለነበረ በፈቃዷ አሳጥሬዋለሁ።

«ጌታን ከተቀበልኩ 3 ዓመት ሆነኝ። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። ዶሮ ማነቂያ የነበረው ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ እዚሁ አራት ኪሎ ተከራይተን አብረን ነው የምንኖረው፤ እሷ ግን አሁንም ጊዮርጊስ ሳትሳለም አትውልም። ባለፈው ወር ልደቴ አርብ ቀን ዋለና ከፒያሳ ኬክ ገዝቼ ገባሁ። እማዬ ጾም ነው ብላ አልቀምስም አለች። ተናደድኩና ‹ጾምሽ እኮ አያድንሽም፣ የሚያድነው እምነት ብቻ ነው፣ በከንቱ ነው የምትደክሚው› አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ‹እኔ እሱ ይማረኝ እንጂ ምን አለኝ ልጄ› ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲህ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ግን ብዙም አናወራም።

የሚገርመው እኔም እረፍት የለኝም። የጸለይኩበትን ሰዓት፣ የጾምኩትን ቀን፣ ያወጣሁትን አሥራት ስልኬ ላይ እመዘግባለሁ። አንድ ጠዋት የጥሞና ጊዜዬን ከዘለልኩ ቀኑን ሙሉ እግዚአብሔር ፊቱን ያዞረብኝ ይመስለኛል። ማታ ማታ የንስሐ ጸሎቱን እንደገና እጸልያለሁ፤ የመጀመሪያው ከልቤ ካልነበረስ እያልኩ። በእምነት ድኛለሁ እላለሁ፣ ግን እምነቴ በቂ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ደግሞስ ያዕቆብ ሰው በእምነት ብቻ አይጸድቅም ያለው ለምንድነው? ድኛለሁ እያለች ከባለጉዳይ ጉቦ የምትቀበል ጓደኛም አለችኝ። እሷስ ድናለች?»

እህቴ፣ ቀጥታ ልመልስልሽ። ለእናትሽ የነገርሻት ትምህርት እውነት ነው። እኔም የማምነው እሱን ነው፤ በእሱም ላይ ነው የቆምኩት። ኤፌሶን 2 ላይ ጳውሎስ «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም፤ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም» ይላል። ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ መናገር አይቻልም። ግን «ማንም እንዳይመካ» የምትለውን አስተውያት። ያቺን ቃል አልፈሻት የሄድሽ ይመስለኛል፤ የአንቺም ድካም የእናትሽም ዝምታ እዚያ ጋ ነው የሚገናኙት።

ከአንቺ ድካም እንጀምር።

ሮሜ 4ን ታውቂዋለሽ። ለሚሠራ ሰው ደመወዙ እንደ ዕዳ እንጂ እንደ ጸጋ አይቈጠርለትም ይላል። አንቺም ወር ሲደርስ ደሞዝሽ ሲገባ አሠሪሽ ማረኝ አትይም፤ ሠርተሻል፣ ይገባሻል፣ በቃ። ጳውሎስ ከእግዚአብሔር ጋር ያለን ነገር እንደዚህ አይደለም ነው የሚለው። ምስክር አድርጎ የሚያመጣው ደግሞ አብርሃምን ነው፤ የሚከራከረውም በዘመን ቅደም ተከተል ነው። አብርሃም «በእግዚአብሔር አመነ፥ ጽድቅም ሆኖ ተቈጠረለት» የተባለው ዘፍጥረት 15 ላይ ነው። የተገረዘው ዘፍጥረት 17 ላይ ነው፤ ያኔ 99 ዓመቱ ነበር። በመሃል እስማኤል ተወልዶ 13 ዓመት ሞልቶታል። ስለዚህ ጻድቅ ተብሎ ሲቈጠር ገና አልተገረዘም፣ የሙሴ ሕግ የሚባል ነገርም አልነበረም፣ ይስሐቅም አልተወለደም። ባዶ እጁን ከድንኳኑ ወጥቶ ከዋክብትን እያየ እግዚአብሔር የነገረውን አመነ። ያ ተቈጠረለት።

አሁን ወደ ስልክሽ መዝገብ ተመለሺ። አንቺ በአፍሽ ጸጋ እያልሽ በእጅሽ ደሞዝ እየቈጠርሽ ነው። ደግሞ እንደዚህ ያለ ሒሳብ አይዘጋም፤ ማንም ዘግቶት አያውቅም። ማርቲን ሉተር መነኩሴ ነበር። ይጾማል፣ ሌሊት ይጸልያል፣ ኃጢአቱን ለመናዘዝ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ግን እረፍት አላገኘም። በ1517 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን አሠራር የሚሞግቱ 95 ነጥቦቹን ይዞ ለተሐድሶ የተነሳው ሰው፣ ከዚያ በፊት ለዓመታት አንቺ ማታ ማታ የምታደርጊውን ሲያደርግ የኖረ ሰው ነው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገርሽ። በ1534 ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ሉተርን አግኝቶት፣ ስለ እምነት በአስተርጓሚ ተወያይተው፣ ሉተርም የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎ ሸኝቶታል። አንድ የእኛ ዲያቆን እና አንድ ጀርመናዊ የተሐድሶ መምህር ቁጭ ብለው ተነጋግረው በሰላም ተለያይተዋል ማለት ነው። አንቺ እና እናትሽ ደግሞ በአንድ ጣሪያ ሥር እያላችሁ አቅቷችኋል።

«እምነቴ በቂ መሆኑን በምን አውቃለሁ» ብለሻል። ይህ ጥያቄ የብዙ አማኝ ጥያቄ ነው፤ ግን ጥያቄው ራሱ ችግር አለበት። እምነትንም ሥራ አድርገሽዋል። ድሮ ጾም ይመዘን ነበር፣ አሁን እምነት ይመዘናል፤ ሚዛኑ ግን ያው ነው። የሚያድንሽ የእምነትሽ ብዛት አይደለም። የሚያድንሽ ያመንሽው ነው። ማርቆስ 9 ላይ ልጁ የታመመበት አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። ግማሽ እምነት፣ ግማሽ ጥርጣሬ ነው ያለው፤ እሱንም አልደበቀም። ኢየሱስ ሂድና እምነትህን ሞልተህ ና አላለውም። ልጁን አዳነለት።

እናትሽ የምታውቀው ደግሞ ፈያታዊ ዘየማን፣ ከክርስቶስ በስተቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ አለ። ስቅለት ቀን ስሙ ይነሳል። እጁም እግሩም ተቸንክሯል፤ ጊዮርጊስ ሄዶ ሊሳለም፣ አንድ ቀን ሊጾም፣ የሰረቀውን ሊመልስ፣ ሊጠመቅ፣ አሥራት ሊያወጣ፣ የጥሞና ጊዜ ሊኖረው አይችልም። ያለው አንድ ልመና ነው፤ አስበኝ። የተሰጠው መልስ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ነው። ዛሬ ነው የተባለው። ማታ የንስሐ ጸሎት ስትደግሚ ይህቺን «ዛሬ» አስታውሻት። እግዚአብሔር አንድ ጊዜ የሰማሽን ጸሎት በሚቀጥለው ማታ አይሰርዘውም።

ወደ እናትሽ ልምጣ፤ በጣም የከበደኝ እዚህ ጋ ነው።

ሉቃስ 18 ላይ ሁለት ሰዎች ሊጸልዩ ወደ መቅደስ ይወጣሉ። ፈሪሳዊው «በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ እጦማለሁ፥ ከማገኘውም ሁሉ አሥራት አወጣለሁ» ይላል። ቀራጩ ርቆ ቆሞ ደረቱን እየመታ «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» ይላል። ጻድቅ ተብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰው ቀራጩ ነው። ይህንን ታሪክ ጸሎት ቤት ውስጥ ስንሰማ ብዙዎቻችን ወዲያው ፈሪሳዊውን ረቡዕና አርብ የሚጾመው ጎረቤታችን እናደርገዋለን። ሳምንት ሁለቴ ስለሚል ነገሩ ልክ ይመስላል። ግን አንብቢው። ፈሪሳዊውን የጣለው ጾሙ አይደለም። «እንደዚህ ቀራጭ ስላልሆንሁ አመሰግንሃለሁ» ማለቱ ነው። ሉቃስ ምሳሌው የተነገረው ጻድቃን ነን ብለው በራሳቸው ለሚታመኑና ሌሎችን ለሚንቁ ነው ብሎ ይጀምራል። በራስ መታመንና ሌላውን መናቅ ሁልጊዜ አብረው ነው የሚሄዱት፤ በራሱ የሚታመን ሰው ዝቅ አድርጎ የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል።

እና የዚያን አርብ ማታ ቤታችሁ ውስጥ የሆነውን አስቢ። አንደኛዋ የምትመዘግበው ጾም አላት፣ አሥራት አላት፣ ትክክለኛ ትምህርትም አላት፤ እና የሌላዋን ድካም ከንቱ አለች። ሌላዋ «እኔ እሱ ይማረኝ እንጂ ምን አለኝ» አለች።

እህቴ፣ ይህ የቀራጩ ጸሎት ነው። በሐሳቡ እሱው ነው። እናትሽ ጾሜን ይቁጠርልኝ አላለችም። ስንት ዓመት ጾሜያለሁ፣ ስንት ሱባኤ ገብቻለሁ፣ ስንት ነዳያን አብልቻለሁ አላለችም፤ ልትል ትችል ነበር፣ ብትልም አይገርምም ነበር፣ ልጇ እየዘለፈቻት ነበርና። ምንም የለኝም አለች። አንቺ 3 ዓመት ስትማሪው የኖርሽውን እሷ በአንድ መስመር ተናግራው ወደ ጓዳ ገባች፤ አንቺም ሰምተሽ ለእኔ ጻፍሽልኝ፣ ግን አልሰማሻትም።

እናትሽ ድናለች አልዳነችም ብዬ አልፈርድም። ያንን የሚያውቅ እሱ ነው፤ ያንቺንም የእኔንም እንዲሁ። የእኛና የኦርቶዶክስ ትምህርት አንድ ነው ብዬም አላታልልሽም። ቤተ ክርስቲያኗ የምታስተምረው በእምነት፣ በምሥጢራት እና በምግባር ስለሚፈጸም መዳን ነው፤ «በእምነት ብቻ» የሚለውን አትቀበልም። እኛ እንቀበላለን። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ትልቅ ነው፤ ልታወሩበትም ይገባል። ግን ሰባቱን አጽዋማት የሚጾም ሰው ሁሉ መንግሥተ ሰማያትን እየገዛሁ ነው ብሎ ያስባል ማለት ስም ማጥፋት ነው። በዓመት 180 ቀን ገደማ ከሥጋና ከወተት የሚርቅ ሰው ለምን እንደሚያደርገው እሱን መጠየቅ ነው እንጂ ለእሱ መመለስ ምን ይሉታል? ቅዳሴው ውስጥ፣ ሰዓታቱ ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማው ምንድነው? እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ። ማረን። የራሱን ሥራ የተማመነ ሰው ይህንን ደጋግሞ አይልም።

በላዔ ሰብእን እንኳ አስቢው። እናትሽ በልጅነትሽ ሳትነግርሽ አትቀርም። 78 ነፍስ በልቶ፣ በእመቤታችን ስም ለአንድ ለተጠማ ሰው እፍኝ ውሃ ሰጥቶ፣ በእሷ ምልጃ ምሕረት አገኘ የሚባለው ሰው። እኛ ምልጃውን በሚመለከት እንደ እነሱ አናምንም። ግን ያንን ታሪክ ለልጇ የምትነግር እናት ሥራ በሥራ ይካካሳል ብላ ሒሳብ እየሠራች አይደለም፤ እፍኝ ውሃና 78 ሰው በየትኛውም ሒሳብ አይካካስም። ምሕረትን ነው እየነገረች ያለችው። ወሬ የሚጀመረው ከዚህ ነው። አንቺ ግን ከመደምደሚያው ጀመርሽባት።

የሃይማኖት ሰዎች በዚህ ጉዳይ መነጋገር አይችሉም እንዳትይ፣ በ1999 (እንደ አውሮፓውያን) ሉተራውያንና ካቶሊኮች ጀርመን አውግስበርግ ላይ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል። የምንጸድቀው በጸጋ ብቻ፣ በክርስቶስ የማዳን ሥራ በማመን ነው እንጂ በእኛ በኩል ባለ ብቃት አይደለም፤ መንፈስ ቅዱስም ልባችንን አድሶ ለመልካም ሥራ ይጠራናል ብለዋል። ለ500 ዓመት ገደማ የተጣሉበት ነጥብ ነበር። ኦርቶዶክሶች የዚያ ስምምነት አካል አልነበሩም፤ ሁሉም ልዩነት አልቋል ማለትም አይደለም። ግን ማውገዙን ትተው አንዱ ሌላውን ምን ማለትህ ነው ብሎ ጠይቋል።

ያዕቆብን በአጭሩ። ያዕቆብ እና ጳውሎስ ሁለቱም አብርሃምን ይጠራሉ፤ የሚጠሩት ግን ከተለያየ ዘመኑ ነው። ጳውሎስ ዘፍጥረት 15 ላይ ቆሞ እግዚአብሔር ሰውን በምን ተቀበለው ይላል። ያዕቆብ ዘፍጥረት 22 ላይ፣ ይስሐቅ አድጎ መሠዊያው ላይ በቀረበበት ጊዜ ቆሞ፣ አምናለሁ ያለው ሰው እውነቱን መሆኑ በምን ታየ ይላል። ያዕቆብ የሚቆጣው ወንድሙን ራቁቱን እና ርቦት አይቶ «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ የሚሸኘውን ሰው ነው። የዚያ ዓይነቱን እምነት አጋንንትም አላቸው ይላል፤ ያምናሉ ይንቀጠቀጡማል። ይህንን ጳውሎስም አይቃወምም። ኤፌሶን 2፥8 እና 9ን በቃልሽ ይዘሻቸዋል፤ ቁጥር 10ን ጨምሪበት፤ «መልካሙን ሥራ ለማድረግ በክርስቶስ ኢየሱስ ተፈጠርን» ይላል። ሥራው አለ። የሚመጣው ግን ከተወደድን በኋላ ነው፤ እንድንወደድ አይደለም።

ጓደኛሽን በተመለከተ፣ ያዕቆብን ለእሷ ስጫት። ጳውሎስም ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት እንኑርን ብሎ ጠይቆ «አይደለም» ብሎ ነው የመለሰው። ጉዳዩ እንዲያልቅለት ያለውን ሁሉ አሟጦ ከሚመጣ ባለጉዳይ ገንዘብ እየተቀበሉ ድኛለሁ ማለት አይሆንም። ንገሪያት። ለብቻዋ፣ በፍቅር፣ ግን ሳታለሳልሺ ንገሪያት። ድናለች አልዳነችም የሚለውን ለጌታ ተዪው፤ ገንዘቡን መመለስ እንዳለባት ግን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ ቀራጩ ዘኬዎስ እንኳ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው።

አሁን ምን ታድርጊ?

ዛሬ ማታ እናትሽን ይቅርታ ጠይቂ። በቴክስት አይደለም፤ ፊት ለፊት። «ግን እኮ እማዬ» የሚል ነገር አትጨምሪበት፤ ስለ ትምህርቱ ያኔ አታንሺ። እንደዛ መናገሬ ልክ አልነበረም፣ ድካምሽን ከንቱ ማለቴ ልክ አልነበረም በያት። እግሯ ላይ ብትወድቂም ደስ ይላታል፤ እናት ናት። አርብ ስትገቢ ኬክ ካማረሽ የጾም ኬክ በየኬክ ቤቱ አለ፤ እሱን ይዘሽ ግቢና አብራችሁ ብሉ። ጾሟን አክብረሽ መብላትሽ እምነትሽን አይቀንሰውም። ጳውሎስ ሮሜ 14 ላይ የሚበላ የማይበላውን አይናቅ፣ የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ ብሎ ጨርሶታል።

ከዚያ ሌላ ቀን፣ ነገሩ ከበረደ በኋላ፣ ጠይቂያት። «እማዬ፣ እሱ ይማረኝ ስትይ ምን ታስቢያለሽ?» በያትና ዝም ብለሽ ስሚ። ስትጨርስ አንቺም ክርስቶስ ምን እንዳደረገልሽ ንገሪያት፤ እሷ ምን እንደጎደላት ሳይሆን። ልጇ ተለውጣ፣ ተረጋግታ፣ ለስልሳ ካየች ራሷ ትጠይቅሻለች። ካልጠየቀችም ልጇ ነሽ።

መዝገቡን ተዪው። ለአንድ ወር ምንም አትመዝግቢ። ጸልዪ፣ ግን ሰዓቱን አትጻፊ። አሥራትሽን አውጪ፣ ግን ስልኩ ላይ አታስፍሪው። መጀመሪያ ላይ ባዶነት ይሰማሻል፤ ያልሠራሽ፣ የሰነፍሽ ይመስልሻል፤ በተለይ መተኛት ሲያቅትሽ እጅሽ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ያኔ ገላትያ 2፥21ን አንብቢ፤ «ጽድቅስ በሕግ በኩል ከሆነ እንኪያስ ክርስቶስ በከንቱ ሞተ»። በከንቱ አልሞተም።

ማታ ማታ የንስሐ ጸሎቱን መድገሙን በሚመለከት፣ ለፓስተርሽ ወይም ለምታምኛት አንዲት እህት ንገሪ። ለብቻሽ አትያዢው። ፍርሃቱ እንቅልፍ ከነሳሽ፣ ሥራ ላይ ካስቸገረሽ፣ ጸልየሽም ወዲያው እንደገና ካልጸለይኩ የሚል ግፊት ካልለቀቀሽ ደግሞ ሐኪም አይተሽ ተመርመሪ። አንዳንዴ በእምነት ጥያቄ ልብስ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም አለ፤ ይታከማል። አንቺ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠሪው፤ ሰው መድኃኒት ሲገዛ እምነት ጎደለው አትዪም፤ ለራስሽም አትበዪ።

እና ገላትያን በሙሉ አንብቢው፤ 6 ምዕራፍ ብቻ ነው፣ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። እናትሽ ፈቃደኛ ከሆነች ከእሷ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ፣ እሷ እያዳመጠች አንቺ እያነበብሽ ይሁን፤ ያልገባችሁን ቦታ ምልክት አድርጉበትና ጻፉልኝ።